በቀኝ በኩል

«ቀጸላ ሃይዌይ ትፈራለች፤ መንገዱን ሁሉ የምነዳው እኔ ነኝ።»

እንዳሻው ይህን ያለው ሳሎን ተቀምጦ ለታላቅ እህቱ ለእትዬ ብርቅነሽ ነው። ሚስቱ ቀጸላ ኩሽና ቆማ ለመንገድ የቀቀለችውን እንቁላል ትልጥ ነበር። የተሳሳተ ነገር የሰማች መስሏት ቧንቧውን ዘጋችና ጆሮዋን ሰጠች። አልተሳሳተችም። እትዬ ብርቅነሽ ሰው በዚያ ሁሉ መኪና መሀል ቢፈራ አይፈረድበትም እያሉ ነበር፤ እሱም ሳቅ ብሎ ወሬውን ወደ ተራራዎቹ መለሰው። ቀጸላ በሥራ ቀን ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ከሚኖሩበት ከተማ ከአውሮራ ተነስታ በዚያው ሃይዌይ ጎረቤት ከተማ እስከ ሴንቴኒያል ትነዳለች፤ እዚያ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው። ባለፈው የበረዶ ወራት አንድ ቀን ግማሹ ሠራተኛ ከቤቱ መውጣት አቅቶት ሲቀር እሷ ደርሳለች። ያን ቀን የመኪናዋን መስታወት ከበረዶ የጠረገላት ራሱ እንዳሻው ነው።

ወጥታ ልትጠይቀው እጇን በፎጣ አደረቀች፤ ግን አልወጣችም። እትዬ ብርቅነሽ እናታቸው ከሞቱ በኋላ እንዳሻውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ከደብረ ብርሃን ለጥየቃ መጥተው እዚህ ቤት ካረፉ ወዲህ በእሳቸው ፊት ማንም የእንዳሻውን ቃል ተቃውሞ አያውቅም፤ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት የባልና ሚስቱ ልጅ ሄራን እንኳ ከአባቷ ጋር ስትከራከር ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ከሃቫና ስትሪት ገባ ብሎ ያለው አፓርታማቸው መኝታ ቤቱ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ለእንግዳዋ ተለቆ፣ ሄራን ከእናቷ ጋር ስትተኛ እንዳሻው ሶፋ ላይ ያድራል። ባልና ሚስቱ ለብቻቸው ቁጭ ብለው ያወሩት መቼ እንደሆነ ቀጸላ አታስታውሰውም። ምናልባት እህቱ ፊት መኩራራት አምሮት ይሆናል ብላ እንቁላሎቹን ጨው ነሰነሰችባቸውና ጠቀለለቻቸው።

እንዳሻው ስለዚህ የመኪና ጉዞ ማውራት የጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው። እረፍት ሲያገኝ ከመተኛት በቀር ምንም የማያምረው ሰው፣ ቀኑን ኤርፖርት አጠገብ ላለ አንድ ሆቴል እንግዳ በቫን ሲያመላልስ ውሎ፣ ማታ ማታ ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ የፏፏቴና የፍል ውሃ ቪዲዮ ማየት ያዘ። መጀመሪያ ሮኪ ማውንቴን የሚባለውን ፓርክ በተራራው አናት አቋርጠው፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ግራንድ ቲተንና የሎውስቶን የሚባሉት ፓርኮች፣ ሲመለሱ ደግሞ በዩታ በኩል አርችስ። የራሳቸው መኪና አርጅቷልና ሰፊ መኪና እንከራያለን አለ። ቀጸላ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ ብላው ነበር። አይሆንም፣ ዘንድሮ ነው ብሎ ቁርጡን ነገራት። ለእህቱ ብሎ ነው ብላ ተወችው።

መኪና ኪራዩ ጋ ሲደርሱ ከባንኮኒው ኋላ ያለችው ልጅ ስሙን መዝግባ ስታበቃ፣ ባለቤትህም ያለ ተጨማሪ ክፍያ መንዳት ትችላለች፣ መንጃ ፈቃዷን ላየው ብቻ አለችው። ቀጸላ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እንዳሻው ወደ እሷ ሳይዞር፣ አያስፈልግም፣ እሷ ሃይዌይ ላይ አትነዳም ብሎ በእንግሊዝኛ መለሰ። ሄራን ከስልኳ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። የቀጸላ እጅ ቦርሳው ውስጥ መንጃ ፈቃዱን እንደያዘ ቆየ፤ ከዚያ ባዶውን ወጣ። የባንኮኒዋ ልጅ ቁልፉን ሰጠችውና መልካም ጉዞ ተመኘችላቸው።

መኪናው ነጭ ነው፤ ውስጡ ገና አዲስ ፕላስቲክ ይሸታል። እንዳሻው ከግቢው ሊወጣ ሲታጠፍ የኋላው ቀኝ ጎማ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ወጥቶ ዱብ አለ። ይህ ሰው ያንን ትልቅ ቫን በሁለት መኪና መሀል ወደ ኋላ አስገብቶ የሚያቆም ነው። መኪናውን ገና አለመልመዱን ተናገረና እትዬ ብርቅነሽም አዲስ ነገር ሁሉ እንዲያ ነው አሉ። እሳቸው ከቀጸላ ኋላ፣ ሄራን ከአባቷ ኋላ ተቀምጠዋል። ሃይዌዩ ላይ መስመር መቀየር ሲፈልግ ሄራንን በቀኝ በኩል መኪና አለ ወይ ብሎ ይጠይቃታል። «ዩ ካን ጎ፣ ዳዲ» ትለዋለች ጆሮዋ ላይ ያደረገችውን አንዱን ማዳመጫ አንስታ። የመንዳት ትምህርት እያስተማራት መሆኑን ለእህቱ አስረዳቸው።

ቦልደርን አልፈው ተራሮቹ ፊት ለፊት ሲገዝፉ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ጀመረ። ቀጸላ ብስክሌተኛውን አየችው፤ ቢጫ ሸሚዝ ለብሶ በእሷ መስኮት አጠገብ ቀጥ ብሎ እየመጣ ነበር። እንዳሻው አላቆመም። «ሰው!» አለች። ፍሬኑን ሲረግጥ ሁሉም ወደፊት ተወረወሩ፤ ብስክሌተኛው የመኪናውን አፍንጫ በመዳፉ መትቶ እየተሳደበ አለፈ። እንዳሻው ሰውየው ከየት መጣ ሳይባል ዱብ ማለቱን ተናገረ። ቀጸላ ግን ከየት እንደመጣ አይታዋለች። ረጅም፣ ቀጥ ያለና ፀሐይ ያረፈበት መንገድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ተራሮቹን አላየችም። ባሏን ታየው ጀመር። ከገና ወዲህ ሶፋው ላይ ሁልጊዜ ቀኝ ጥግ ይዞ የሚቀመጠው፣ ሰው ሁሉ በግራው እንዲሆን ነበር? ትከሻው ላይ ያለው የበለዘ ቦታ የመታጠቢያ ቤቱ በር የመታው ነው ብሎ ነበር፤ የቱ ትከሻ እንደነበር አስታወሰች፤ ቀኙ። ቀስ ብላ ግራ እጇን አነሳች። ጸጉሯን የምታስተካክል አስመስላ ወደ ፊቱ አስጠጋችው፤ በቀኝ ዓይኑ ጎን፣ ጉንጩን ሊነካ እስኪደርስ፣ ጣቶቿን አንቀሳቀሰች። ዓይኑ አልተርገበገበም። እጇን እዚያው አቆየችው። እሱ ስለ የሎውስቶን ፍል ውሃ እያወራ ነበር፤ መሬት ውስጥ ፈልቶ ፈልቶ እንዴት ወደ ሰማይ እንደሚተኮስ። እጇን መልሳ ጭኖቿ መሀል ከተተችው። በእነዚህ ወራት ሁሉ መኪና ውስጥ የምትቀመጠው በማያያት በኩል ነበር።

ኤስተስ ፓርክ በምትባለው ከተማ ለሽንት ቤትና ለነዳጅ ቆሙ። ሱቆቹ ሁሉ ከረሜላና የድብ ሥዕል ያለበት ቲሸርት ይሸጣሉ፤ ሰዉ አይስክሬም ይዞ ይጎርፋል። ቀጸላ እትዬ ብርቅነሽ ከሄራን ጋር ወደ ሽንት ቤት እስኪሄዱ ጠበቀችና ወደ ባሏ ተጠጋች። ስለ ዓይኑ ልትጠይቀው አስባ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። ደክሞህ ይሆናል፣ ከዚህ ወዲያ ትንሽ ልንዳ አለችው። የነዳጁን ቱቦ እንደያዘ ቆመ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ሲሄድ አየች፤ የሚነግራት መስሏት ትንፋሿን ያዘች። ያኔ እህቱ ሻሻቸውን እያጠበቁ ከሄራን ጋር ከኋላዋ መጡ።

«ተራራው ላይ? አንቺ?» አላት ጮክ ብሎ።

እትዬ ብርቅነሽ ትከሻዋን ያዝ አደረጉና ተይው ልጄ፣ እሱ እንጀራው ነው፣ ለምዶታል አሏት። ቀጸላ የምትለውን ፈለገች። ዓይኑ አያይም ብትላቸው፣ በነዳጅ ማደያ መሀል፣ በእህቱ ፊት፣ በልጁ ፊት፣ ተሳስታ ብትሆንስ? ጣቶቿን ያላየው ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሄዶ ቢሆንስ? በሩን ከፍታ ገባች። ቀበቶዋን አሰረች።

የፓርኩን በር ካለፉ በኋላ መንገዱ ለጥቂት ጊዜ በጥድ ደን ውስጥ እየተጠማዘዘ ወጣ፤ እስከዚያ ድረስ ዛፎቹ ያረጋጓት ነበር። ከዚያ ዛፎቹ እያጠሩ፣ እየጎበጡ ሄዱና አለቁ። በግራ ድንጋይ፣ በቀኝ ምንም። የብረት መከላከያ የለውም፤ ነጭ መስመር አለ፣ ከመስመሩ ወዲያ አንድ ክንድ የሚሆን ጠጠር፣ ከጠጠሩ ወዲያ አየር። ታች፣ በጣም ታች፣ የመጡበት ደን እንደ ሣር ሆኖ ይታያል። ቀጸላ በመስኮቷ ወደ ታች ብታይ የምታየው መንገዱን ሳይሆን ገደሉን ነው። ነጩ መስመር ከጎማው ስር ይገባል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። ከላይ ቤት የሚያህል መኪና መጣ። እንዳሻው ለእሱ ቦታ ለመልቀቅ ወደ ቀኝ ሲጠጋ ጠጠሩ ከስራቸው ሲንኮሻኮሽ ሰማች።

«ትንሽ ወደ ግራ» አለችው፤ ከኋላ እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ወደ ግራ አደረገው። ለምን አላላትም፤ እየነዳሁ ነው አላላትም። ዝም ብሎ ታዘዛት። ያኔ እርግጠኛ ሆነች። እሱም እንዳወቀችበት አወቀ፤ መሪውን ጥርቅም አድርጎ ይዞት ነበር። «ያዘው፤ አሁን ጥሩ ነው» ትለዋለች፣ «ትንሽ ወደ ግራ» ትለዋለች፣ እሱም ይሰማታል። ማቆሚያ ቦታ ሲመጣ ግባ ልትለው አሰበች፤ ግን ማቆሚያው በቀኝ፣ በገደሉ አፋፍ ላይ ነበርና ፈራች። ከኋላ እትዬ ብርቅነሽ እያማተቡ ይስቃሉ። የጣርማ በርን መንገድ የሚያውቁ ሴት ናቸው፤ ገደል አያስደነግጣቸውም። ወንድማቸው እንዴት ያለ ነጂ እንደወጣው፣ እናታቸው ይህን ሳያዩ መቅረታቸውን ለሄራን ያወሩላታል። ሄራን በመስኮቱ ፎቶ ታነሳለች። ቀጸላ ውሃ ጠምቷታል። ውሃ አጠገቧ አለ፤ ግን እጇን ከበሩ መያዣ ማላቀቅ አልቻለችም።

ጠባቡ ካለቀ በኋላ መንገዱ ሜዳ ላይ ወጣ። ሣር ብቻ ያለበት፣ ነፋስ የሚያጎነብሰው ሰፊ ሜዳ ነው። ገደሉ ራቀ። ቀጸላ ከቤት ከወጡ ጀምሮ የታፈነች ያህል ተነፈሰች። ፊት ለፊት መኪኖች በመንገዱ ዳር ተደርድረው ሰዎች እየወረዱ ነበር፤ በግራ በኩል ቀንዳቸው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋ ትልልቅ አጋዘኖች ይግጣሉ። እትዬ ብርቅነሽ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «ቀጸላ፣ እያቸው፣ እያቸው እንጂ!» አሏት። ዞር አለች። ምን ያህል ነው ዞር ያለችው? አንዱ አጋዘን ራሱን ቀና ሲያደርግ አየች፤ ያንን ብቻ። ከዚያ በራሷ በኩል፣ ክንዷ አጠገብ፣ የጎኑ መስታወት አንድ ነገር መትቶ ሲሰበር ሰማች። ብረት የመታ ድምፅ አልነበረም።

ሰውየው ጠጠሩ ላይ በጎኑ ወድቋል። ሸበቶ ነው፤ ካሜራው ከአንገቱ ተበጥሶ ሣሩ ላይ ተጥሏል። ቀጸላ በሩን የከፈተችው መኪናው ሳይቆም ይሁን ከቆመ በኋላ አታውቅም፤ ራሷን አጠገቡ ተንበርክካ አገኘችው። መጦሪያው ውስጥ የወደቀ ሰው ሲገጥማት እንደምታደርገው አትንቀሳቀስ አለችው፣ ስሙን ጠየቀችው፣ ጭንቅላቱን ዳሰሰች። ስሙን ተናገረ። ክንዱ መሆን በማይገባው ቦታ ታጥፏል። ሚስቱ ደጋግማ «እዚህ ዳር ላይ ነበርን፣ ዳር ላይ ነበርን» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ከነጩ መስመር ውጪ ነበሩ። መኪኖቹን ስታስተናግድ የነበረችው ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች የፓርኩ ጠባቂ በራዲዮ እየተናገረች ወደ እነሱ ሮጠች።

ጠባቂዋ ሰውየውን ተረክባ ቀጸላ ስትነሳ እትዬ ብርቅነሽ ክንዷን ያዟት። እጃቸው በረዶ ሆኗል። ወደ ጎን ሳቧትና በጆሮዋ ተናገሩ።

«አንቺ ነበርሽ በይ። እሱ እንጀራው መንጃ ፈቃዱ ነው፤ ከነጠቁት ምን ይሆናል? አንቺ ሌላ ሥራ አለሽ። ፈርታ ነው ብለው ይተዉሻል።»

«እትዬ» አለች ቀጸላ፤ «ዓይኑ አያይም።»

እትዬ ብርቅነሽ ክንዷን ለቀቁት። ወደ ወንድማቸው ዞሩ። እንዳሻው መኪናው አጠገብ ቆሞ የተሰበረውን መስታወት በጣቱ ይዳስስ ነበር፤ ለማየት አንገቱን ሙሉ በሙሉ አዙሮ ነው የቆመው። አሁን አንገቱን እንዲህ ሲጠመዝዝ ያየው ሁሉ ነገሩ ይገባው ነበር። እህቱ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ጠባቂዋ መጥታ የነዳው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሄራን ከእናቷ ወደ አባቷ ተመለከተች። እትዬ ብርቅነሽ እንግሊዝኛ ባያውቁም ጥያቄው ገብቷቸዋል፤ መሬት መሬት ያያሉ። ነፋሱ ይጮሃል። ቀጸላ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ምላሷ ላይ እንዳለ ያወቀችው ያኔ ነው፣ «እኔ ነኝ» የሚለው። ከጠዋት ጀምሮ ያልተናገረችው ሁሉ ወደዚያ አንድ ውሸት እየመራት ኖሯል። ሄራን እያየቻት ነበር። ቀጸላ አፏን ዘጋች። ጠባቂዋ ጥያቄዋን ደገመች።

«እኔ ነኝ» አለ እንዳሻው በእንግሊዝኛ። «ቀኝ ዓይኔ አያይም። አላየሁትም።»

ጠባቂዋ ከመቼ ጀምሮ ብላ ጠየቀችው። ሐኪም የነገረው ከገና በፊት እንደሆነ፣ የዓይን ግፊት እንደሆነ፣ ግራውም እየተነካ መሆኑን ነገራት። ቃሉ የተቆራረጠ ነበር፤ ግን አልተሸሸገም። ቀጸላ ባሏ የደበቃትን ለማያውቃት ሴት በባዕድ ቋንቋ ሲዘረዝር ቆማ ሰማች። ከገና በፊት። በበረዶው ወራት በሙሉ ያን ቫን ነድቷል፤ ሻንጣ የያዙ ሰዎችን፣ ሕፃን ያቀፉ ሰዎችን። ሄራንን ከትምህርት ቤት ያመጣት ነበር። መኪናው ላይ ተደገፈች።

የተጠራው አምቡላንስ ሰውየውን ወደ ኤስተስ ፓርክ ይዞት ወረደ፤ በሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ፣ ክንዱ ግን ክፉኛ እንደተሰበረ ጠባቂዋ ነገረቻቸው። የእንዳሻውን መንጃ ፈቃድ ወሰደች። ክስ እንደሚመሠረትበት፣ ዛሬ መሪ እንዳይነካ፣ ወደ ታች ወርደው ቢሮ ቃሉን እንዲሰጥ አዘዘችው። ሌላ መንዳት የሚችል ሰው አለ ወይ አለች። ቀጸላ መንጃ ፈቃዷን ከቦርሳዋ አወጣች። ሄራን መኪና ኪራዩ ጋ ደውላ እናቷ መንዳት እንደሚፈቀድላት አረጋገጠች፤ ስታወራ እያለቀሰች ነበር።

ቀጸላ ወንበሩን ወደፊት ሳበችና መኪናውን አዞረችው። ሜዳው አልቆ ጠባቡ ሲጀምር ደግሞ ያ ገደል መጣ። ሲወጡ በቀኝ የነበረው አሁን በግራ፣ ከወዲያኛው መስመር ማዶ፣ በእሷ መስኮት በኩል ሆነ። እንዳሻው ከጎኗ ተቀምጧል። እትዬ ብርቅነሽ ከኋላ በከንፈራቸው ጸሎት ያደርሳሉ። ቀጸላ ዓይኖቿን መንገዱ ላይ ተክላ ለምን እንዳልነገራት ጠየቀችው። ሥራውን እንዳያጣ ፈርቶ ነበር። ጉዞውስ? ግራውም ሳይሄድ ሊያያቸው ፈልጎ ነበር፤ ተራሮቹን፣ ፍል ውሃውን። እሷ መሪውን ከያዘች ለምን ራስህ አትነዳም ብላ ትጠይቀዋለች፣ ከጠየቀችው ይናገራል። ስለዚህ ነው ሃይዌይ ትፈራለች ያለው።

አንዱን ጥምዝ ሲዞሩ ከታች የሚወጣ መኪና የገደሉን ጠርዝ ተጠግቶ አለፋቸው። እንዳሻው በሚያየው ዓይኑ በእሷ ትከሻ ላይ አሻግሮ ተመለከተ። ነጩን መስመር፣ ከመስመሩ ወዲያ ያለውን ጠጠር፣ ከጠጠሩ ወዲያ ያለውን ባዶ አየ። የበሩን መያዣ በሁለት እጁ ጨበጠ። ትንፋሹ ሲቆራረጥ ሰማችው።

«በዚህ ነው የወጣነው?»

«በዚህ ነው።»

«አንቺ ታይው ነበር?»

«አየው ነበር።»

ከገደሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ዝም ብለሽ?»

ከኋላ የእትዬ ብርቅነሽ ጸሎት ቆመ። ሄራን ወደፊት ጠጋ ስትል ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ። ቀጸላ ማርሹን ቀነሰች፤ መኪናው እያጓራ ወደሚቀጥለው ጥምዝ ገባ።

«ዝም ብዬ» አለችው።